የእጅ ስልክና ሰው ሠራሽ ጨረቃ እንዴት እንደ ተገናኙ

የሰው ልጅ ድምፁን ካለበት ቦታ አርቆ ለማሰማት ያልደከመበት ዘመን የለም። አባቶቻችን ነጋሪት እየጐሰሙ፣ መለከት እየነፉ፣ እግረ ፈጣን መልእክተኛም እየላኩ ወሬን ካገር ወደ አገር ያደርሱ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1894፣ የስልክ ሥራ በሀገራችን ከተጀመረ ወዲህ ግን ድምፅ በሽቦ ላይ መጓዝ ጀመረ፤ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው ሽቦም 477 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ከዚያ በኋላ ሽቦው በራዲዮ ሞገድ ተተካ፤ ስልኩም ከግድግዳ ላይ ወርዶ ከኪስ ገባ። ዛሬ ደግሞ ይኸው የኪስ ስልክ፣ በምድር ላይ አንድም የስልክ ምሰሶ በሌለበት ስፍራ ሆኖ፣ ከሰማይ ላይ ከሚዞር ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ ማለት ከሳተላይት ጋር በቀጥታ ለመነጋገር በቅቷል።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ይህን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ከሩቅ ወረዳ መጥተን የምንማር ብዙዎች ነን፤ ወላጆቻችንም የእኛን ድምፅ ለመስማት ስልካቸውን ይዘው ኰረብታ ላይ ይወጣሉ፤ ወይም የገበያ ቀን እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ «ስልክ በቀጥታ ከሳተላይት ጋር ተገናኘ» የሚለው ወሬ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ነገሩ ከየት ተነሥቶ ከየት እንደ ደረሰ፣ ለማንስ እንደሚጠቅም ለማወቅ እንመኛለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የአሳቡ መነሻ

በኦክቶበር 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አርተር ክላርክ የተባሉ ወጣት እንግሊዛዊ «ዋየርለስ ዎርልድ» በሚባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። አሳባቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር ነገር ምድርን የሚዞራት በአንድ ቀን ነው፤ ምድርም በራስዋ ላይ የምትዞረው በአንድ ቀን ስለ ሆነ፣ ያ ነገር ከታች ለሚያየው ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ የቆመ ይመስላል። እንግዲህ ሦስት እንደዚህ ያሉ ጣቢያዎች በሰማይ ላይ ቢቆሙ፣ የራዲዮን መልእክት እየተቀበሉ ከሞላ ጐደል ለዓለም ሁሉ ለማዳረስ ይችላሉ። ያን ጊዜ ይህ ነገር ለብዙዎች ተረት መሰላቸው።

ዳሩ ግን 12 ዓመት ብቻ ቈይቶ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ አወጣች። ስፋቷ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷም 83.6 ኪሎ ነበረ። ይህች ትንሽ ኳስ ድምፅ ከማሰማት በቀር ሌላ መልእክት ለማስተላለፍ አትችልም ነበር። በ1960 አሜሪካኖች ኤኮ የተባለ፣ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ትልቅ ፊኛ አወጡ፤ እርሱም የራዲዮን ሞገድ መስተዋት ብርሃንን እንደሚመልስ አድርጎ ብቻ ይመልስ ነበር። በጁላይ 1962 ግን ቴልስታር የተባለችው ሳተላይት ወጥታ፣ የተቀበለችውን ደካማ ሞገድ አጠንክራ መልሳ በመላክ የቴሌቪዥንን ሥዕል ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ አሻገረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ቴልስታር ክብደቷ 77 ኪሎ ያህል ብቻ ስለ ነበረ የምትልከው ሞገድ እጅግ ደካማ ነበር። ይህን ደካማ ድምፅ ለመስማት በእንግሊዝ አገር ጉንሂሊ በተባለው ስፍራ የተሠራው አንቴና 26 ሜትር ያህል ስፋትና ከ1,000 ቶን በላይ ክብደት ነበረው፤ ሳተላይቷንም ለመከተል ያ ሁሉ ብረት መዞር ነበረበት። እንግዲህ ከላይ ያለችው አፍ ትንሽ፣ ከታች ያለው ጆሮ ግን እጅግ ታላቅ ነበረ ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የዚህ መገለባበጥ ነውና።

ክላርክ ያሰቡት በተግባር የታየው ሲንኮም በተባሉት ሳተላይቶች ነው። ኦገስት 23 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከአቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ጋር በሲንኮም 2 አማካይነት በስልክ ተነጋገሩ። ሁለት የመንግሥት መሪዎች በሳተላይት ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የናይጄሪያውን ወገን ድምፅ የተቀበለውም ሌጎስ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ የአፍሪካ ድምፅ በዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መገኘቱ ሊያስደስተን ይገባል። በሚከተለውም ዓመት ሲንኮም 3 የቶኪዮን ኦሊምፒክ ሥዕል ወደ አሜሪካ አስተላለፈች፤ ይህም አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፉበት ኦሊምፒክ ነው። በአፕሪል 1965 የወጣችው «ኧርሊ በርድ» ደግሞ በአንድ ጊዜ 240 የስልክ መሥመር ለማስተላለፍ የምትችል የንግድ ሳተላይት ነበረች።

ከመርከብ ወደ ሻንጣ፣ ከሻንጣ ወደ እጅ

በዚያን ዘመን በሳተላይት የሚነጋገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ በሽቦ ወደ አንድ ትልቅ የምድር ጣቢያ መድረስ ነበረበት። ሽቦ ሊደርስላቸው የማይችል ግን አንድ ወገን ነበሩ፤ እነርሱም መርከበኞች ናቸው። ስለዚህ በ1979 ኢንማርሳት የተባለው የመንግሥታት ድርጅት ተቋቋመ፤ መርከቦችም በመርከቡ ጣራ ላይ በሚተከል አንቴና አማካይነት ካሉበት ባሕር መደወል ቻሉ። ቀጥሎም መሣሪያው እያነሰ ሄዶ በሻንጣ የሚያዝ ሆነ፤ ጋዜጠኞችና የዕርዳታ ሠራተኞችም በየበረሃው ይዘውት ዞሩ።

በምድርም ላይ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። አፕሪል 3 ቀን 1973 ማርቲን ኩፐር የተባሉ የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ በኒውዮርክ ጐዳና ላይ ቆመው በእጅ በሚያዝ ስልክ ደወሉ፤ የደወሉትም በዚሁ ሥራ ለሚፎካከራቸው ለሌላ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። የእጅ ስልክ አሠራር እንዲህ ነው፦ አገሩ በትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉም አንድ ምሰሶ ይቆማል፤ ስልኩ የሚነጋገረው ከቅርቡ ምሰሶ ጋር ብቻ ነው። በ1991 በፊንላንድ ሥራ የጀመረው ጂኤስኤም የተባለው ሥርዓት፣ ስልኩ ከምሰሶው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ የተወሰነ ነበር። ይህ ሥርዓት በርካሽነቱ ምክንያት በዓለም ሁሉ ተስፋፋ፤ በሀገራችንም የእጅ ስልክ አገልግሎት በ1999 በአዲስ አበባ ተጀመረ።

የኢሪድየም ውድቀት

በ1987 የሞቶሮላ መሐንዲሶች አንድ ታላቅ አሳብ አሰቡ። ይኸውም ምሰሶውን በምድር ላይ በመትከል ፋንታ በሰማይ ላይ መትከል ነው። በዕቅዳቸው 77 ሳተላይቶች ስለ ነበሩ፣ በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ 77ኛ በሆነው ንጥረ ነገር ስም «ኢሪድየም» ብለው ጠሩት። በኋላ ቍጥሩ ወደ 66 ዝቅ ሲል ስሙ ግን አልተለወጠም። ሳተላይቶቹ የሚዞሩት 780 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አንዱም ሳተላይት መልእክቱን ለጐረቤቱ ሳተላይት ያቀብላል።

በኖቬምበር 1998 ሥራው ሲከፈት የመጀመሪያውን ስልክ የደወሉት የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ነበሩ። ይሁን እንጂ ደስታው አንድ ዓመት እንኳ አልቈየም። ስልኩ ጡብ የሚያህል ከባድ ነበር፤ ዋጋውም 3,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ለአንድ ደቂቃ ንግግርም ብዙ ዶላር ይከፈል ነበር፤ ከቤት ውስጥም ሆኖ አይሠራም ነበር። ኩባንያው ደንበኛ ይሆኑኛል ብሎ የጠበቃቸው ባለጠጋ መንገደኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከ1987 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ውስጥ እነርሱ የሚጓዙባቸው ከተሞች ሁሉ በምሰሶ ተሞልተው ነበር። በእውነት ስልኩ የሚያስፈልጋቸው በበረሃና በተራራ ያሉት ሰዎች ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል አልቻሉም። ስለዚህ በኦገስት 1999 ኩባንያው ከሠረ። 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት ሥራ በሚከተለው ዓመት በ25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሸጠ፤ ይህም ከ200 እጅ አንዱ እጅ መሆኑ ነው። ሳተላይቶቹን ከምሕዋራቸው አውርዶ በአየር ውስጥ ለማቃጠል እንኳ ታስቦ ነበር። ያዳናቸው አዲሶቹ ገዢዎችና የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ውል ነው።

በዚሁ ጊዜ ገደማ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የተቋቋመው ቱራያ የተባለው ኩባንያ በ2000 ሳተላይት አወጣ። ይህች ሳተላይት የቆመችው ክላርክ በተናገሩት ከፍታ ላይ ሲሆን፣ 12 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንቴና በሰማይ ላይ ዘርግታ ነበር። ስለዚህም ከታች ያለው ስልክ በእጅ የሚያዝ ለመሆን ቻለ። የላዩ ጆሮ ሲሰፋ የታቹ መሣሪያ እንደሚያንስ አንባቢ ያስተውል። ያም ሆኖ የኢሪድየምም የቱራያም ደንበኛ ልዩ ስልክ መግዛት ነበረበት። በኪሱ ያለው ተራ ስልክ አይረባውም ነበር።

አስቸጋሪው ምንድን ነበር?

ተራ ስልክ ከሳተላይት ጋር ለመነጋገር ሦስት ችግሮች አሉበት። የመጀመሪያው ርቀት ነው። ሞገድ ሲርቅ የሚደክመው በርቀቱ ካሬ መጠን መሆኑን በፊዚክስ ተምረናል። ምሰሶው 5 ኪሎ ሜትር፣ ሳተላይቱ 500 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ርቀቱ 100 ጊዜ ስለሚበልጥ የሚደርሰው ኃይል 10,000 ጊዜ ያንሳል። የዛሬ ስልክ የሚልከው ኃይል ደግሞ የአንድ ዋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ማለት ከአንድ ባለ 40 ዋት አምፑል 200 ጊዜ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በዚህ ከፍታ የሚዞር ሳተላይት በሴኮንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ባቡር እያፏጨ ሲመጣ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ካለፈ በኋላም እንደሚወፍር፣ የሳተላይቱም ሞገድ ሲመጣና ሲሄድ ይለዋወጣል። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ስልኩና ምሰሶው የሚነጋገሩት በተራ ስለ ሆነ፣ መልሱ ከተወሰነው ጊዜ ቢዘገይ ስልኩ ምሰሶው የሌለ ይመስለዋል።

ሳተላይቱ ወደ ስልኩ

ለብዙ ዓመታት መሐንዲሶች የደከሙት ስልኩን ለሳተላይቱ እንዲመች ለማድረግ ነበር። በመጨረሻ ግን ጥያቄው ተገለበጠ፦ ለምን ሳተላይቱ ለስልኩ እንዲመች ሆኖ አይሠራም? በዓለም ላይ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ስልኮች በየሰዉ ኪስ ውስጥ ይገኛሉና። በዚህ አሠራር ሳተላይቱ የራሱን ስፍራና ፍጥነት አስልቶ፣ የሞገዱን መለዋወጥና የጊዜውን መዘግየት አስቀድሞ ያርማል፤ በታላቁ አንቴናውም የስልኩን ደካማ ድምፅ ያዳምጣል። ስልኩም የሚነጋገረው ከሳተላይት ጋር መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ አንድ ምሰሶ ከአጠገቡ ያለ ይመስለዋል።

በፌብሩዋሪ 2020 ሊንክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቡብ አትላንቲክ በሚገኙት በፎክላንድ ደሴቶች ወደ ነበረ ተራ ስልክ ከሳተላይት አጭር የጽሑፍ መልእክት ላከ። በሴፕቴምበር 2022 ኤኤስቲ ስፔስሞባይል የተባለው ኩባንያ ብሉወከር 3 የተባለችውን የሙከራ ሳተላይት አወጣ፤ አንቴናዋም በሰማይ ላይ ሲዘረጋ 64 ካሬ ሜትር ሆነ። በአፕሪል 2023 በእርስዋ አማካይነት ከቴክሳስ በተራ ስልክ ተደውሎ በጃፓን ያለ ሰው ተነጋገረ። በጉንሂሊ በምድር ላይ የነበረው ታላቅ ጆሮ እነሆ ወደ ሰማይ ወጣ፤ በሰማይ የነበረችው ትንሽ አፍም ወደ ኪሳችን ወረደች።

ሌሎችም ኩባንያዎች በየመንገዳቸው ሄዱ። አፕል በኖቬምበር 2022 በአሜሪካና በካናዳ አደጋ የደረሰበት ሰው በአይፎን 14 ወደ ሳተላይት የጭንቅ መልእክት እንዲልክ አደረገ፤ ለዚህ ግን ስልኩ በተለይ የተሠራ መሆን ነበረበት፤ ባለቤቱም ስልኩን ወደ ሳተላይቱ አቅጣጫ ማዞር ነበረበት። ስፔስኤክስ ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ከተራ ስልክ ጋር የሚነጋገሩትን የመጀመሪያዎቹን 6 ሳተላይቶች አወጣ፤ በጥቂት ቀኖችም ውስጥ መልእክት ተላከባቸው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የስልክ ምሰሶዎችን ከጥቅም ውጪ ባደረገ ጊዜ፣ አገልግሎቱ ገና ለገበያ ሳይውል በልዩ ፈቃድ ተከፍቶ ሰዎች መልእክት ተላላኩበት። በዲሴምበር 2024 በኒውዚላንድ፣ በጁላይ 2025 ደግሞ በአሜሪካ ለሕዝብ ተከፈተ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጥቅሙና ጥያቄው

ይህ ሥራ ምሰሶን ሁሉ ያስቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይሳሳታል። የአንድ ሳተላይት ጨረር ሰፊ አገር ስለሚሸፍን፣ በሥሩ ያሉት ሰዎች ሁሉ ያን አንድ መሥመር ይካፈላሉ፤ ስለዚህ በብዙ ሕዝብ መካከል የሚሠራው ምሰሶ ነው። ደግሞም ሞገዱ ደካማ ስለ ሆነ በጣራ ሥርና በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይቸገራል። የሰማዩም መጨናነቅ አለ፤ በፌብሩዋሪ 2009 አንድ የኢሪድየም ሳተላይት ሥራ ካቆመ የሩሲያ ሳተላይት ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ተሰባብረዋል። የከዋክብት ተመራማሪዎችም ታላላቆቹ አንቴናዎች እንደ ደማቅ ኮከብ እያበሩ ሥራችንን ያውካሉ ሲሉ አመልክተዋል። ከዚህም ሌላ የራዲዮ ሞገድ የየሀገሩ ሀብት ስለ ሆነ፣ ማንም ኩባንያ ያለ መንግሥት ፈቃድ በሌላ ሀገር ላይ ሊያሰራጭ አይገባውም። በ2023 መንግሥታት በዱባይ ተሰብስበው ይህን ጉዳይ እስከ 2027ቱ ጉባኤ እንዲጠና አድርገዋል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። ሀገራችን ተራራና ገደል የበዛባት ናት። ምሰሶ ለመትከል መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ጠባቂም ያስፈልጋል፤ ተራራውም ሞገዱን ይጋርዳል። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተይዛ ብዙ ሰዓት ስትጓዝ፣ አንድ አጭር መልእክት ለጤና ጣቢያው አስቀድሞ ቢደርስ መኪናው እመንገድ ላይ ሊቀበላት ይችላል። ይህን የመሰለውን መልእክት ለማድረስ ብዙ ኃይል አያስፈልግም፤ አንዲት መሥመር ጽሑፍ ይበቃል። እንግዲህ ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ምሰሶ ለሌለበት ገጠር ነው።

ነገር ግን በስፔስኤክስ ሳተላይቶች የሚሠራው አራተኛው ትውልድ የሚባለውን ሥርዓት የሚያውቅ ስልክ ነው። በገጠር የብዙ ወላጆቻችን ስልክ ደግሞ ርካሹ ባለ ቍልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ «ማንኛውም ስልክ» ሲባል የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ስልክ ከቍጥሩ ውጪ እንዳይሆን ያሠጋል። ኢሪድየም የወደቀው ሳተላይቶቹ ስላልሠሩ አይደለም፤ እነርሱስ በደንብ ሠርተዋል። የወደቀው የሚከፍሉት ሰዎች ስላላስፈለጋቸው፣ የሚያስፈልጋቸውም ሰዎች ሊከፍሉ ስላልቻሉ ነው። አዲሱም ሥራ ምሰሶ ባለበት አገር ለሚኖር ባለጠጋ የሽርሽር መጫወቻ ሆኖ ቢቀር፣ ያው ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ታሪክ የጻፍነው የሌሎችን ሥራ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ሀገራችን በዲሴምበር 2019 ምድርን ከላይ ሆና ፎቶግራፍ የምታነሣ የመጀመሪያዋን ሳተላይት በቻይና አገር አስወንጭፋለች፤ ስለዚህ ሥራው ከእኛ እጅ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ሳተላይቱ በሰማይ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ያለውን አገር አይመርጥም፤ የሚመርጠው ዋጋውን የሚወስነውና ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ነው። ነገ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዳንዶቹ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ እንዲሆኑ እንመኛለን። ለዚያም የሚያበቃው ዛሬ በሰሌዳ ላይ የምናየውን የርቀትና የካሬ ስሌት በሚገባ መማር፣ ከዚያም ባለ ቍልፉን ስልክ ይዞ ኰረብታ ላይ የቆመውን ሰው አለመርሳት ነው።